እርድ፣ በርበሬ፣ በሶብላ፦ ቅመም ዘረመልን አለመጉዳቱ እንዴት ይፈተሻል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ ዙር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው። በየቤታችን ወጥ ውስጥ የሚገባ ቅመም ዘረመልን አለመጉዳቱ በእንስሳት ላይ እንዴት ይፈተሻል? ውጤቱስ ምን ያህል ይታመናል? ደጋግሞ የተጠየቀው ስለ እርድ በመሆኑ ሰፊውን ቦታ ለእሱ ሰጥተናል። ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ እርድ ዘር ያበላሻል የሚል ወሬ ከጎረቤት ሰማሁ። አሊጫ ያለ እርድ አልሠራም፤ ልጆቼም ይበሉታል። ለመሆኑ ተመርምሮ ያውቃል? (የሦስት ልጆች እናት፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ተመርምሯል፤ እንዲያውም በብዛት ከተመረመሩት ቅመሞች አንዱ ነው። ወጥ ውስጥ በሚገባው መጠን ዘረመልን ይጎዳል የሚያሰኝ አሳማኝ ማስረጃ አልተገኘም። አሊጫዎን እንደ ልማድዎ ይሥሩ።

ዘረመል ተጎዳ ሲባል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። በዲኤንኤ ላይ ያለው መልእክት በአንድ ቦታ ሊለወጥ ይችላል፤ ክሮሞዞም ሊሰበር ይችላል፤ ወይም ሴል ለሁለት ሲከፈል አንድ ክሮሞዞም እንዳለ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። ሦስቱንም ባንዴ የሚያሳይ ፈተና የለም። ስለዚህ መጀመሪያ በባክቴሪያ፣ ቀጥሎ በብልቃጥ ውስጥ በሚያድጉ ሴሎች፣ በመጨረሻም በሕይወት ባለ እንስሳ ይሞከራል። እንስሳው የሚያስፈልገው የምንበላው ነገር ባንጀት ተመጥጦ፣ ጉበት ውስጥ ተለውጦ፣ በደም ወደየሰውነት ክፍሉ የሚደርሰው እሱ ዘንድ ብቻ ስለሆነ ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የቶክሲኮሎጂ ፕሮግራም በ1993 ባወጣው ዘገባ፣ ከ79 እስከ 85% ኩርኩሚን (ለእርድ ቢጫ ቀለሙን የሚሰጠው ንጥረ ነገር) ያለበት የእርድ ጭማቂ ከመኖ ጋር ተቀላቅሎ ለትንንሾቹ የላብራቶሪ አይጦችና ራት ለሚባሉት ትልልቆቹ ለሁለት ዓመት ተሰጥቷል። ከፍተኛው መጠን ከመኖው 5% ነበር። በሳልሞኔላ ባክቴሪያ ላይ ሚውቴሽን አላስከተለም። በካንሰር በኩል በወንድ ራቶች ምንም አልታየም። በሴት ራቶችና በትንንሾቹ አይጦች ግን ወደ አዎም ወደ አይደለምም ለመወሰን የሚያስቸግር ጭማሪ ተመዝግቧል። ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ሆኖም ከዕለት ምግቡ 5% ያህሉ ይህን የመሰለ የተጣራ ጭማቂ የሆነ ሰው የለም።

የዓለም የጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ ኮሚቴ ለኩርኩሚን ያስቀመጠው ጣሪያ በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ፣ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 3 ሚ.ግ. ነው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣንም በ2010 ይህንኑ ቁጥር ተቀብሎታል። ቁጥሩ የመጣው በተከታታይ የራት ትውልዶች ላይ ጉዳት ካላሳየው መጠን ነው፤ ይኸውም በኪሎ ከ250 እስከ 320 ሚ.ግ. ሲሆን፣ ለጥንቃቄ ለመቶ ተካፍሏል። አሁን ወደ ድስትዎ እንምጣ። የእርድ ዱቄት 3% ገደማ ኩርኩሚን አለው። አንድ የሻይ ማንኪያ ወይም 3 ግራም እርድ የገባበትን ወጥ አምስት ሰው ቢበላው ለእያንዳንዱ 18 ሚ.ግ. ኩርኩሚን ይደርሰዋል። 15 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ጣሪያው 45 ሚ.ግ. ነው።

ጥያቄ፦ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የእርድ ዱቄት በአይጥ መቅኔ ላይ በማይክሮኒውክሊየስ ፈተና ልመረምር አስቤያለሁ። ስንት አይጥ፣ ምን ያህል መጠን፣ ናሙናውስ መቼ ይወሰድ? (ጎንደር)

መልስ፦ መነሻዎ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) የፈተና መመሪያ ቁጥር 474 ይሁን፤ የ1997ቱን ሳይሆን የ2016ቱን እትም ይያዙ። በአሮጌው በአንድ እንስሳ 2000 ሴል መቁጠር ይበቃ ነበር፤ በአዲሱ 4000 ነው። ምክንያቱን ወረድ ብለው ያገኙታል።

የፈተናው ሐሳብ ቀላል ነው። መቅኔ ውስጥ ቀይ የደም ሴል ሲወለድ ኒውክሊየሱን ወደ ውጭ ይተፋዋል። ክሮሞዞም ተሰብሮ ወይም ወደኋላ ቀርቶ ከሆነ ግን ቁራጩ ትንሽ ክብ ነጥብ ሆኖ ሴሉ ውስጥ ይቀራል። ዋናው ኒውክሊየስ ስለወጣ ነጥቧ ብቻዋን ጎልታ ትታያለች። ማይክሮኒውክሊየስ የምንላት እሷን ነው።

ከአይጦቹ በፊት ዱቄቱን ይመርምሩ። ከገበያ በዘፈቀደ የተገዛ እርድ ምን እንደያዘ አይታወቅም። የኩርኩሚን መጠኑንና እርሳስ እንዳለበት ሳያስለኩ ከጀመሩ፣ መጨረሻ ላይ የሚያገኙት ውጤት የእርዱ ይሁን የተቀላቀለበት ነገር መለየት አይችሉም። ለሥራው ሁሉ የሚበቃውን ከአንድ ጆንያ ይውሰዱ፤ 100 ግራም ያህሉን አሽገው በጨለማ ቦታ ያስቀምጡ፤ ገምጋሚ ቢጠይቅዎ ያስፈልግዎታል።

የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው ሳይፈቅድ አይጥ አይዘዙ። በአገራችን ብዙ ተመራማሪዎች ስዊስ አልቢኖ አይጦችን ከኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይወስዳሉ። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 10 ሳምንት ይሁን፤ የማንኛቸውም ክብደት ከአማካዩ በ20% በላይ አይራቅ፤ ቢያንስ 5 ቀን ቦታውን ይልመዱ። ቡድኖቹ አምስት ናቸው፦ መበጥበጫ ፈሳሹን ብቻ የሚወስድ፣ እርድ በኪሎ 500፣ 1000 እና 2000 ሚ.ግ. የሚወስዱ ሦስት፣ እንዲሁም ለማነጻጸሪያ ክሮሞዞም መስበሩ የታወቀውን የካንሰር መድኃኒት ሳይክሎፎስፋማይድን የሚወስድ። በየቡድኑ በእያንዳንዱ ፆታ 5 አይጥ ይግባ። ቀደም ያለ የመርዛማነት ጥናት በወንድና በሴት መካከል ጉልህ ልዩነት አለመኖሩን ካሳየ አንዱን ፆታ ብቻ መጠቀም ይቻላል፤ 50 አይጥ የነበረው 25 ይሆናል። ይህ ዕድል ካለዎት እንዲጠቀሙበት አጥብቀን እንመክራለን፤ ሳያስፈልግ የሚሞት እንስሳ መኖር የለበትም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ብጥብጡ ላይ ነው። 25 ግራም ለሚመዝን አይጥ በኪሎ 2000 ሚ.ግ. ማለት 50 ሚ.ግ. ዱቄት ነው። በ0.25 ሚሊ ሊትር ልስጥ ካሉ በሚሊ ሊትር 200 ሚ.ግ. ያህል ይወፍራል፤ የእርዱ ስታርች መርፌውን ይደፍነዋል። ውሃ ለሆነ መበጥበጫ መመሪያው ለ100 ግራም ክብደት እስከ 2 ሚሊ ሊትር ስለሚፈቅድ፣ በሚሊ ሊትር 100 ሚ.ግ. አድርገው 0.5 ሚሊ ሊትር ይስጡ። ዱቄቱን 150 ማይክሮን በሆነ ወንፊት ይንፉት፤ በ0.5% ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ ይበጥብጡት፤ በእያንዳንዱ አይጥ መካከል ያናውጡት። ካልተናወጠ የመጀመሪያው አይጥ ውሃ፣ የመጨረሻው ዝቃጭ ይደርሰዋል፤ መጠን የተባለው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የማጉረሻው መርፌ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ 20 ጌጅ ይሁን። መርፌው ወደ ሳንባ ቧንቧ ከገባ አይጡ ወዲያው ይታፈናል። የሞተ አይጥ ሁሉ ይከፈት፤ ሳንባው ውስጥ ቢጫ ፈሳሽ ከተገኘ የገደለው አሰጣጡ እንጂ እርዱ አይደለም።

እርዱን በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት ቀን ከሰጡ፣ መቅኔው ከመጨረሻው መጠን ከ18 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ አንድ ጊዜ ይወሰዳል። ሳይክሎፎስፋማይዱ በኪሎ 40 ሚ.ግ. ከናሙናው 24 ሰዓት በፊት ሆድ ዕቃ ውስጥ አንድ ጊዜ ይወጋል። ይህ መድኃኒት ራሱ ሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል የተረጋገጠ ነው። ጓንት አይለይዎ፤ የነዚያን አይጦች ጉዝጓዝ ከሌላው ቆሻሻ አይቀላቅሉ።

የጭን አጥንቱን ሁለት ጫፍ ቆርጠው መቅኔውን በ1 ሚሊ ሊትር የጥጃ ፅንስ ሴረም አጥበው ያውጡ። በደቂቃ በ1000 ዙር 5 ደቂቃ ሴንትሪፊዩጅ ያድርጉ፤ ከላይ ያለውን ደፍተው ጠብታ ብቻ ያስቀሩ፤ ቀስ አድርገው በትነው ስላይድ ላይ ይሳቡ። አየር ላይ ከደረቀ በኋላ ንጹህ ሜታኖል ውስጥ 5 ደቂቃ ይቆይ፤ ከዚያ በሜይ ግሩንዋልድና በጊምሳ ይቀለም። ስላይዶቹን ከቆጣሪው ሌላ የሆነ ሰው በኮድ ይሸፍናቸው።

ቁጥር ላይ ሁለት ነገር አይዘንጉ። ምንም ባልወሰደ አይጥ ከ1000 ለጋ (ገና ያልበሰሉ) ቀይ ሴሎች ነጥብ ያላቸው ከ1 እስከ 3 ያህል ብቻ ናቸው። 2000 ሴል ሲቆጠር የሚገኘው ጥቂት ስለሆነ የአጋጣሚ መዋዠቅ ይጫነዋል፤ 4000 የተባለው ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ በስታቲስቲክስ መለኪያው እንስሳው ነው። የአምስት አይጦችን 20000 ሴል ደምሮ እንደ 20000 ናሙና ማስላት የሌለ ልዩነት እንዳለ ያስመስላል። በዚህ ስህተት የተበላሹ የታተሙ ጥናቶች አሉ፤ ሲያነቡ ይህንን ክፍል መጀመሪያ ይመልከቱ።

የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ ይበልጣል። ኩርኩሚን ከአንጀት በጣም ጥቂት ነው የሚመጠጠው፤ አብዛኛው ከሰገራ ጋር ይወጣል። መቅኔው ጋር ያልደረሰ ነገር መቅኔውን አልጎዳም ብሎ መጻፍ ምንም አይናገርም። ስለዚህ ከ500 ቀይ ሴሎች ስንቱ ለጋ እንደሆነ ይቁጠሩ፤ ድርሻው ከማነጻጸሪያው ከቀነሰ ንጥረ ነገሩ መቅኔው መድረሱን ይጠቁማል። ግን ከማነጻጸሪያው 20% በታች ከወረደ መቅኔው ተመርዟልና ውጤቱ አይታመንም። ድርሻው ካልቀነሰ ከተጨማሪ ጥቂት አይጦች ደም ወስደው ኩርኩሚንንና ከግሉኩሮኒክ አሲድ ጋር የተያያዘውን ቅርጹን ኤችፒኤልሲ በሚባለው ንጥረ ነገሮችን ለይቶ በሚለካ መሣሪያ ያስለኩ። ይህ ከሌለ ድምዳሜዎን "በዚህ መጠን መቅኔ ላይ ጭማሪ አልታየም" በሚለው ብቻ ይወስኑት።

ጥያቄ፦ ስላይዶቼ ሁሉ ወይን ጠጅ ሆነው ለጋውን ከበሰለው መለየት አቃተኝ። ነጥብ የሚመስል ነገርም በዝቷል። (ጅማ)

መልስ፦ መጀመሪያ የማቅለሚያውን መበጥበጫ ፒኤች ይለኩ፤ 6.8 መሆን አለበት። ከፍ ሲል ሁሉም ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ ዝቅ ሲል ሁሉም ሮዝ ይሆናል። በትክክል ሲቀለም ለጋው ሰማያዊ ግራጫ፣ የበሰለው ብርቱካን ያዘለ ሮዝ ነው። ጊምሳውን በዕለቱ አቅጥነው ያጣሩት። ቆይቶ የዘቀጠ ማቅለሚያ ሴሉ ላይ ያርፍና ነጥብ ይመስላል።

እውነተኛዋ ማይክሮኒውክሊየስ ክብ፣ ጠርዟ የጠራ፣ ቀለሟ ከሌሎቹ ሴሎች ኒውክሊየስ ጋር አንድ ዓይነት፣ ስፋቷም ከሴሉ ዲያሜትር ከ1/20 እስከ 1/5 ነው። የማይክሮስኮፑን ፎከስ ከፍ ዝቅ ሲያደርጉ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ዝቃጭ ነው፤ አይቁጠሩት። በራት ከሠሩ ደግሞ የማስት ሴል ቅንጣቶች ያሳስታሉ። እዚያ አክሪዲን ኦሬንጅ ይሻላል፤ በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ለጋው ሴል ቀይ ብርቱካን፣ ነጥቧ ቢጫ አረንጓዴ ሆና ትበራለች፤ የበሰለው አይታይም።

ቀለሙ ተስተካክሎም ጭማሪው ከቀጠለ የአይጦቹን ሙቀት መዝገብ ይመልከቱ። ከባድ የሰውነት ሙቀት መውረድ ወይም መጨመር፣ ደም መፍሰስና የደም ምርት መፋጠን ዲኤንኤ ሳይነካ ማይክሮኒውክሊየስን ያበዛሉ።

ጥያቄ፦ የቅመም ጭማቂ በኪሎ 2000 ሚ.ግ. ሰጥቼ በ14 ቀን አንድም አይጥ አልሞተም። "ደህንነቱ የተረጋገጠ" ብዬ መጻፍ እችላለሁ? (መቀሌ)

መልስ፦ አይችሉም። ያረጋገጡት በአንድ ጊዜ ሲሰጥ አለመግደሉን ነው። ዘረመልን የሚጎዱ ብዙ ነገሮች በዚያ መጠንና ጊዜ አይገድሉም፤ ጉዳታቸው የሚታየው ከወራትና ከዓመታት በኋላ ነው። "በአንድ ጊዜ አሰጣጥ በኪሎ እስከ 2000 ሚ.ግ. ሞት አልታየም" ብለው ይጻፉ። ስለ አብሽ ከተጠየቁ ግን የተሻለ ነገር አለ፤ የአብሽ ጭማቂ በባክቴሪያ፣ በአይጥ ሊምፎማ ሴልና በአይጥ መቅኔ ተፈትኖ ጉዳት እንዳላሳየ በ2004 ታትሟል። አራቱም ቃላት፣ ማለትም ምን፣ ስንት፣ የት፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ተጽፈው ሲገኙ ነው ስለ ደህንነት መናገር የሚቻለው።

ጥያቄ፦ ለተማሪዎቼ ማስረዳት የቸገረኝ ነገር አለ። በበሶብላ ውስጥ ያለው ሜቲል ዩጂኖል በባክቴሪያ ፈተናም በአይጥ ማይክሮኒውክሊየስም ነጻ ነው ተብሏል፤ ግን ካንሰር ያመጣል ይባላል። እንዴት ይሆናል? (የምግብ ሳይንስ መምህርት፣ ሐዋሳ)

መልስ፦ ከደረሱን ሁሉ የተደሰትንበት ጥያቄ ይህ ነው፤ የፈተናዎቹን ድንበር ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ የለምና።

ሜቲል ዩጂኖል እንዳለ ሲወሰድ ዲኤንኤን አይነካም። ጉበት መጀመሪያ ኦክስጅን ያስገባበታል፤ ቀጥሎ ሰልፎትራንስፈሬዝ የሚባለው ኢንዛይም ሰልፌት ይለጥፍበታል። ሰልፌቱ ሲገነጠል የሚቀረው ቅርጽ እጅግ ንቁ ስለሆነ አጠገቡ ያገኘውን ዲኤንኤ ይይዛል። አሁን ፈተናዎቹን እንያቸው። ለባክቴሪያው የሚጨመረው ኤስ 9 የተባለው የራት ጉበት ፈሳሽ ኦክስጅን ማስገባቱን ይችላል፤ ለሰልፌቱ የሚያስፈልገው ረዳት ንጥረ ነገር ግን በተለመደው ቅይጥ ውስጥ የለም። ስለዚህ ሁለተኛው እርምጃ አይፈጸምም፤ ባክቴሪያው ጤነኛ ሆኖ ይታያል። በአይጡ ደግሞ ንቁው ቅርጽ በተፈጠረበት ጉበት ውስጥ ዕድሜው ያልቃል፤ መቅኔ አይደርስም። ሁለቱም ፈተናዎች በትክክል ተሠርተዋል፤ ጉዳቱ ካለበት ቦታ ግን አልነበሩም።

ጉበቱን ያየው ጥናት አግኝቶታል። የአሜሪካው ፕሮግራም በ2000 ባወጣው ዘገባ በኪሎ 37፣ 75 እና 150 ሚ.ግ. ለሁለት ዓመት ሲሰጣቸው ራቶቹም አይጦቹም ግልጽ የጉበት ዕጢ አውጥተዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2018 በፋብሪካ የተሠራውን ሜቲል ዩጂኖል ከተፈቀዱ ማጣፈጫዎች ሰርዞታል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በ2023 "በሰው ላይ ካንሰር ሳያስከትል የማይቀር" ወደሚለው 2ኤ ምድብ አስገብቶታል። የአውሮፓ ሕብረትም ንጥረ ነገሩ ለብቻው ተነጥሮ ምግብ ላይ እንዳይጨመር ይከለክላል።

ለተማሪዎችዎ መፍትሔውንም ያሳዩዋቸው። ጉበት በኮሜት ፈተና፣ ማለትም በኦኢሲዲ 489፣ ይታያል። ከመጨረሻው መጠን ከ2 እስከ 6 ሰዓት ውስጥ ጉበት፣ ጨጓራና የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ይወሰዳሉ፤ ሴሎቹ በአጋሮስ ውስጥ ተበትነው፣ ከ13 በላይ በሆነ ፒኤች ዲኤንኤው ተፈትቶ በኤሌክትሪክ ይጎተታል፤ የተሰበረው እንደ ጅራት ይረዝማል። በአንድ ናሙና 150 ሴል ይቆጠራል። ከዚህ አንጻር ለእርድም አንጀት ቀዳሚው የምርመራ ቦታ ሊሆን ይገባ ነበር እንላለን፤ ከፍተኛው የኩርኩሚን ክምችት ያለው እዚያ ነውና።

በሶብላን በተመለከተ የሜቲል ዩጂኖሉ መጠን እንደ ዝርያውና እንደ ቅጠሉ ዕድሜ በጣም ይለያያል። ለበርበሬና ለሽሮ ማጣፈጫ የሚገባው የአበባ ዕፍኝ ሌላ፣ በብልቃጥ የሚሸጠው የተጣራ ዘይት ሌላ ነው። ዘይቱ ውስጥ ንጥረ ነገሩ ብዙ እጥፍ ተጠናክሯል፤ እሱን መጠጣት አንመክርም።

ጥያቄ፦ በሳልሞኔላ ፈተና የጥቁር አዝሙድና የቅርንፉድ ጭማቂ እየሞከርን ነው። አዝሙዱ ያለ ኤስ 9ም ኮሎኒ ያበዛል፤ ቅርንፉዱ ደግሞ ጥቃቅን ነጥቦች ይሰጣል። ሁለቱም ሚውቴሽን ያስከትላሉ ማለት ነው? (አዲስ አበባ)

መልስ፦ ገና አልተባለም። ብሩስ ኤምስ በ1970ዎቹ ያበጀው ይህ ፈተና ሂስቲዲን መሥራት ያቃታቸውን ባክቴሪያዎች ይጠቀማል፤ በሚውቴሽን ችሎታቸው የተመለሰላቸው ብቻ ኮሎኒ ይሆናሉ። ዘር የሆነ ቅመም ግን ፕሮቲን አለው፤ ከፕሮቲኑ ጋር ነጻ ሂስቲዲን ይመጣል። ባክቴሪያው በነጻ ይመገብና ያድጋል። ሳህኑን በማይክሮስኮፕ ይዩ፤ ከኮሎኒዎቹ ሥር ያለው ስስ የባክቴሪያ ምንጣፍ ከማነጻጸሪያው ከወፈረ ምክንያቱ ምግቡ ነው። ባክቴሪያውን ከጭማቂው ጋር በፈሳሽ አቆይተው፣ አጥበው፣ ከዚያ ሳህን ላይ ያፍስሱት።

የቅርንፉዱ ተቃራኒ ነው። በቅርንፉድ ውስጥ ያለው ዩጂኖል ባክቴሪያ ይገድላል። ምንጣፉ ሲሳሳ ከሞት የተረፉት ጥቂቶች ያለውን የሂስቲዲን ርዝራዥ ተካፍለው ጥቃቅን ነጥብ ይሠራሉ። ሂስቲዲን ወደሌለበት ሳህን ሲዛወሩ ካላደጉ ሚውታንት አይደሉም። መጠኑን ይቀንሱ።

ጭማቂውን በ0.22 ማይክሮን ማጣሪያ ያሳልፉት፤ ቅመም የባሲለስ ስፖር ስለሚበዛበት የሚቆጥሩት ኮሎኒ የሳልሞኔላ ላይሆን ይችላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ለፈተናው ከሚውሉት የሳልሞኔላ ዝርያዎች በቲኤ 98 እና በቲኤ 100 ከማነጻጸሪያው ሁለት እጥፍ፣ በቲኤ 1535 እና በቲኤ 1537 ሦስት እጥፍ ደርሶ ከመጠኑ ጋር ከጨመረ በቁም ነገር ይያዙት። ያኔም ኩዌርሴቲን የተባለውን ያስታውሱ፤ በሽንኩርትና በብዙ ተክሎች አለ፤ በቲኤ 98 ሚውቴሽን ያስከትላል፤ በእንስሳ ውስጥ ግን ይህ ውጤት አልተደገመም።

ጥያቄ፦ ለመገጣጠሚያ ሕመም 500 ሚ.ግ. የእርድ ክኒን ከቁንዶ በርበሬ ጋር በቀን ሦስት እወስዳለሁ። በእንስሳት ደህና ነው ከተባለ ለእኔም ደህና አይደለም? (ሜሪላንድ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ ክኒኑ 95% ኩርኩሚኖይድ ከሆነ በቀን 1425 ሚ.ግ. ይወስዳሉ። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የዕለት ጣሪያው 180 ሚ.ግ. ነው፤ አንዱ ክኒን ብቻውን ያልፈዋል። ቁንዶ በርበሬው ነገሩን ይለውጠዋል፤ በ1998 በታተመ ጥናት 20 ሚ.ግ. ፒፐሪን (ቁንዶ በርበሬን የሚያፋጀው ንጥረ ነገር) በሰዎች ደም ውስጥ የሚገባውን ኩርኩሚን በ2000% አሳድጎታል። ከላይ የጠቀስነው የሁለት ዓመት የእንስሳት ጥናት ያለ ፒፐሪን የተደረገ ስለሆነ ለእርስዎ ክኒን ዋስትና አይሆንም። ሥጋታችን ከዘረመሉ ይልቅ ጉበትዎ ነው፤ በ2019 በጣሊያን ከእርድ ክኒን ጋር የተያያዙ የጉበት ሕመሞች ተመዝግበዋል። ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንትዎ ከጠቆረ አቁመው ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ክኒኑን እንደሚወስዱ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ጥያቄ፦ ባልትና አለኝ። በርበሬና እርድ አስፈጭቼ እሸጣለሁ፤ ወደ ውጭ መላክም ጀምሬያለሁ። ለደንበኞቼ ዘረመል የማይነካ ነው ለማለት ምን ላድርግ? (አዳማ)

መልስ፦ የቅመሙን ተፈጥሮ ትተው ቅመሙ ላይ የሚመጣውን ይቆጣጠሩ። ትልቁ አደጋ ያለው እዚያ ነው።

አንደኛ ሻጋታ። እርጥብ ሳለ የተከመረ ወይም ባዶ መሬት ላይ የተሰጣ በርበሬ አፍላቶክሲን ያፈራል። አፍላቶክሲን ቢ 1 ጉበት ውስጥ ወደ ንቁ ቅርጽ ተለውጦ ዲኤንኤን ይይዛል፤ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል ከተረጋገጡት አንደኛ ምድብ ውስጥ ነው። ስለ እንስሳ ምርጫም ያስተምራል፤ ትንሹ አይጥ መርዙን የሚያከሽፍ ጠንካራ ኢንዛይም ስላለው እምብዛም አይጎዳም፣ ራት ግን በቀላሉ ይታመማል። በአይጥ ብቻ ተፈትኖ ቢሆን ኖሮ መርዙን አቅልለን በገመትነው ነበር። ወጥ መሥራት አያጠፋውም፤ ማመሱም አያስተማምንም። በርበሬውን ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ወይም በሸራ ላይ ያስጡ፤ ማታ ማታ ይሸፍኑ፤ እርጥበቱ ከ10% ሳይወርድ አያስፈጩ፤ ውስጡ የጠቆረውንና ሻጋታ የነካውን ዛላ ሳይፈጭ ይልቀሙ። ከተፈጨ በኋላ አይለይም። የአውሮፓ ሕብረት ጣሪያ ለበርበሬ፣ ለእርድ፣ ለዝንጅብል፣ ለቁንዶ በርበሬና ለገውዝ በኪሎ 5 ማይክሮግራም ቢ 1፣ በድምሩ 10 ማይክሮግራም ነው። ናሙና ሲልኩ ከአንድ ጆንያ አፍ አይዝገኑ፤ መርዙ በአንድ ጥግ ተከማችቶ ሌላው ንጹህ ሊሆን ስለሚችል ከየጆንያው ላይ፣ መሐልና ታች ወስደው ይቀላቅሉ።

ሁለተኛ ቀለም። በ2003 አውሮፓ ውስጥ በበርበሬ ዱቄት ላይ ሱዳን 1 የተባለ የኢንዱስትሪ ቀለም ተገኝቶ አስቸኳይ ቁጥጥር ተጣለ፤ በ2005 በብሪታንያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምግቦች ከገበያ ተሰበሰቡ። በእርድ ላይ የሚጨመረው ደግሞ ሊድ ክሮሜት ነው፤ እርሳስም ክሮሚየምም ያለበት ሲሆን ክሮሚየሙ ዘረመል ይጎዳል። በባንግላዴሽ ዳካ ገበያ በ2019 ከተወሰዱ የእርድ ናሙናዎች 47% እርሳስ ተገኝቶባቸው፣ ቁጥጥርና ቅጣት ከተጀመረ በኋላ በ2021 ወደ ዜሮ ወርዷል። እዚያ ቀለሙ የሚቀባው ሥሩን ሲያለሰልሱት ነበርና "ያልተፈጨ ስለሆነ ንጹህ ነው" አይበሉ። ያለ ልክ የሚያብለጨልጭ፣ ሲያሹት ደማቅ ቢጫ ዱቄት እጅ ላይ የሚያራግፍ ሥር አይግዙ፤ ጭነቱንም ለእርሳስ ያስመርምሩ።

ከሙን የሚልኩ ከሆነ አረም ይልቀሙ። አንዳንድ አረሞች ጉበት የሚጎዱ ፓይሮሊዚዲን አልካሎይዶች አሏቸው፤ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ አውሮፓ ለከሙን ዘር በኪሎ 400 ማይክሮግራም ጣሪያ አለው።

ጥያቄ፦ እርድ አይጦችን ከሳይክሎፎስፋማይድ ጉዳት ጠበቀ የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ዘረመልን ይጠግናል ማለት ነው? (ድሬዳዋ)

መልስ፦ አያሰኝም። ሳይክሎፎስፋማይድ የሚጎዳው ጉበት ወደ ንቁ ቅርጽ ሲለውጠው ነው። እርዱ ያንን ኢንዛይም ካዘገየው ማይክሮኒውክሊየሱ ይቀንሳል፤ ያኔ የተጠገነ ነገር የለም፣ መድኃኒቱ ሥራውን አልጀመረም እንጂ። ካንሰር ለሚታከም ሰው ይህ ጥቅም ላይሆን ይችላል፤ ኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው የእርድ ክኒን ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ጽሑፉን ሲያነቡ እርድ ብቻ የወሰደ ቡድን መኖሩን ይመልከቱ። ከሌለ ስለ እርዱ ደህንነት የሚናገረው የለውም።

ጥያቄ፦ እንስሳ ሳይገደል ማወቅ አይቻልም? (ሎድ፣ እስራኤል)

መልስ፦ በከፊል ይቻላል። በባክቴሪያና በብልቃጥ ሴሎች የሚደረጉት ሁለቱ ፈተናዎች በደንብ ተሠርተው ንጹህ ከሆኑ በብዙ ሁኔታ ወደ እንስሳ መሄድ አያስፈልግም። እንስሳ ካስፈለገም ማይክሮኒውክሊየሱን ከኮሜቱ ጋር በአንድ ቡድን እንስሳት ላይ ማድረግ ቁጥሩን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ከትንሹ አይጥ ደግሞ ሳይገደል ከጅራቱ ጥቂት ደም መውሰድ ይቻላል፤ ስፕሊኑ (ጣፊያው) ነጥብ ያላቸውን ሴሎች ስለማያስወግድ ደሙ ከመቅኔው ጋር ይቀራረባል። በራት ግን ስፕሊኑ ስለሚያስወግዳቸው በጣም ለጋዎቹን ብቻ መቁጠር ግድ ነው።

በሰውም ሳይጎዳ የሚታይ አለ። የጉንጭ ውስጠኛ ገጽ በእንጨት ማንኪያ ቀስ ብሎ ተፍቆ፣ ሴሎቹ ተቀልመው ማይክሮኒውክሊየስ ይቆጠራል። በ2001 የታተመ ጥናት በዚህ መንገድ ጫት በሚያዘወትሩ ሰዎች ጉንጭ ላይ ጭማሪ አሳይቷል። ለበርበሬም ሆነ ለሌላ በአፍ ለሚቆይ ቅመም ዘዴው ይሠራል፤ ሲጋራ የሚያጨሱና አልኮል የሚጠጡ ተለይተው ካልወጡ ግን የማን ጉዳት እንደሆነ አይታወቅም። ጉንጩ ሴሎቹን እስኪቀይር ጊዜ ስለሚወስድም ናሙናው ዛሬ በልቶ ነገ ሳይሆን ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ይወሰድ።